የለመደ ጆሮ

ለታናሽ እህቴ፣ ፍኖተ ሰላም

እንደምን ከርመሻል? ትምህርቱስ፣ የኪራይ ቤቱስ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከዱቄቱ ሳልና ከሆዴ ቃጠሎ በቀር። ስልካችን ከባሌ ኪስ ስለማይወጣ ይችን በሰው እጅ ላክሁልሽ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢያት።

ወፍጯችንን ታውቂው የለ፤ በቡሬ ገበያ ቀን ሲያጓራ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ባሌ እዚያ ውስጥ ቆሞ ይውላል። እናታችን የባል ስም አይጠራም ብላ አሳድጋኝ፣ እኔም ከበሩ ላይ ሆኜ ኧረ ስሙኝማ እላለሁ። እላለሁ፣ እላለሁ፤ ግድግዳ ነው። ደነቆረብኝ ብዬ አለቀስሁ። ለዚህም አይደል ባለፈው ክረምት አንቺ ዘንድ ልኬው ሐኪም ቤት ያደረስሽው? ጆሮው ከሕፃን ጆሮ ይሻላል ብለው መለሱት።

ጎረቤቴን መምህርት ሕሊናን ጠየቅኋት። የሰው አእምሮ ዕለት ዕለት የሚሰማውን ድምፅ አይጠቅመኝም ብሎ መተው ይማራል አለችኝ። ወፍጮ ቤት የሚውል ሰው ወፍጮውን አይሰማውም፤ የሚጠብቀውን ድምፅ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ለይቶ ያወጣዋል። እሷ ትምህርቷን ነው የነገረችኝ፤ እኔ ግን ያን ቀን እህል ባፌ ሳይዞር ዋልሁ። ለካ ከወፍጮው ጋር አብሬ ተትቻለሁ።

ለጥምቀት የመጣሽ ጊዜ ትዝ አለኝ። ከበሩ ቆመሽ በዚያ በቀጭን ድምፅሽ ጋሼ ስትይው፣ ሞተሩ እያጓራ ሰምቶሽ ዞረ። ያኔ እውነትም ሐኪሞቹ እንዳሉት ጆሮው ደህና ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሞኝ!

ባለፈው ቅዳሜ አንቺ የቆምሽበት ቆሜ፣ ድምፄን አቅጥኜ ጋሼ አልሁ። ፈጠን ብሎ ዞረ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር፤ እኔን ሲያይ ጠፋ። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠይቆኝ ወደ ዱቄቱ ተመለሰ።

ቀናሁብሽ፣ እህቴ። አዝዬ ባሳደግኋት ልጅ ቀናሁ፤ ይኸው ተናገርሁት።

ጆሮው ጤነኛ ነው ከተባለ ክረምቱ አልፎ በጋው ሊያልቅ ነው፤ እሱ ግን ዛሬም ለጆሮዬ እያለ ፍኖተ ሰላም ይመላለሳል። የት እንደሚያድር አልጠየቅሁትም፤ አንቺንም አልጠይቅሽም። ሐሙስ ደግሞ እሄዳለሁ ብሏል። ስሙን ጠርቼው አላውቅም፤ ዛሬ ልጥራው። ደጀኔ በርሽን ሲያንኳኳ፣ ስምሽን ሲጠራ፣ አትስሚው። መጀመሪያ ይከብድሽ ይሆናል፤ ጆሮ ግን ይለምዳል።

እመቤታችን በጥላዋ ትከልልሽ፤ ለምርቃትሽ ቀን በደህና ታድርሰን።

አዝላ ያሳደገችሽ እህትሽ
ከቡሬ