ለብርቄ የሰጠኋት ዜሮ

ደባርቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ትናንት ለተማሪዬ ለብርቄ ዜሮ ሰጠኋት። አሥራ ሦስትን በሃያ አራት አባዢ ብላት 312 ብላ መልሱን ብቻ ጻፈች። ስሌቱን ስላላሳየች ኮርጃለች አልኩ።

ዛሬ አባቷ አያ ታከለ ሊማሊሞ አፋፍ ካለው መንደራቸው መጡ። ጠመኔ ተቀብለውኝ በግራ አሥራ ሦስትን እያጋመሱ፣ ትራፊውን እየጣሉ፣ በቀኝ ሃያ አራትን እጥፍ እያደረጉ ግራው አንድ እስኪሆን ድረስ ሰሌዳው ላይ ወደ ታች ጻፉ። ግራው ያለ ትራፊ የሚጋመስበትን መስመር ሰርዘው የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ደመሩ። 312።

ክው አልኩ። ኮምፒዩተር ስማር በያዝኩት ደብተር ይኸው ተጽፏል። ማሽኑ ቁጥርን የሚጽፈው በዜሮና በአንድ ብቻ ነው። ፕሮግራማችንን የሚተረጉምለት ኮምፓይለር ቁጥርን እጥፍ ለማድረግ አያባዛም፤ ቁጥሩን አንድ ቤት ወደ ግራ ይገፋዋል። ተጋማሽ መሆኑን ለማወቅም አያካፍልም፤ የመጨረሻዋን ዜሮ ወይም አንድ ያያል። መልሱ እስካልተለወጠ ድረስ መንገድ ማሳጠር ተፈቅዶለታል። ይህን ለማሽን አድንቄ ለብርቄ ከለከልኩ።

ዜሮውን ሰርዤ አሥር ከአሥር ጻፍኩ። አያ ታከለ ወረቀቱን አልተቀበሉኝም።

«እኔ ብሰጣት አታምነኝም፣ መምህር። ይህን ስሌት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሳሳትከኝ ብላ ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም።»

ነገ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ ወደ አፋፉ እሄዳለሁ። የተሳሳትኩት እኔ መሆኔን በአባቷ ፊት መናገር አለብኝ። ለዚህ አጭር መንገድ አላገኘሁለትም…