የዳማ ባላንጣዬን ስለወሰደብኝ ባንክ

ለተከበሩ የባንኩ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ከሰው ቤት ሰው መርጦ የሚያነሳው ዓይንዎ ደህና ነው ወይ? እኔ ከወሰዱብኝ ሰው በቀር ምንም ሳይጎድለኝ ደህና ነኝ። ቀጥዬም ሕዝብ ሊሰማው የሚገባውን ከባድ ዜና በትሕትና እገልጻለሁ፦ በሳሎናችን መስኮት ሥር ሲካሄድ የነበረው የዳማ ግጥሚያ፣ አንደኛዋ ተጋጣሚ ስልኳ ጮኾ ብድግ ብላ በመሄዷ ላልተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል። ቆርኪዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ልጄም ጠረጴዛውን የምትወለውለው እነሱን ሳትነካ ዙሪያቸውን እየዞረች ነው። የመጫወት ተራው የሠራተኛዎ ነው።

ይህች ሠራተኛ፣ እርስዎ በማስታወቂያዎ «የክፍያ ካርድ ማጭበርበርን የሚከላከል ሥርዓት የምትሠራ ከፍተኛ የሶፍትዌር መሐንዲስ» ብለው የፈለጓት፣ በእኛ ቤት ግን ሚጢጢ የምትባለው የልጅ ልጄ ናት። የተሰረቀ ካርድ ይዞ ሊገበያይ የመጣን ሰው ለይቶ የሚያግድ ፕሮግራም ትጽፋለች አሉ። ማዕረጉ ያኮራል እንጂ አያስቀናም፤ እኔም ቀናተኛ አይደለሁም። ቅሬታዎቼን ግን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ ቃለ መጠይቁን በሚመለከት። ኢንተርኔቱ ደህና የሚሠራው በእኔ መኝታ ክፍል ብቻ በመሆኑ፣ ባለሙያዎችዎ የልጅ ልጄን በቪዲዮ ሲፈትኗት እኔ በነጠላ ጫማ ወደ ኮሪደር ተሰድጄ፣ «አባባ፣ በሞቴ እንዳትስል» ተብዬ ነበር። አልሳልኩም። ጆሮዬ ግን በሩ ላይ ስለነበር፣ ሌባውን ከባለካርዱ በምን እንደምትለይ ሲጠይቋት የመለሰችውን ሰምቻለሁ። አያቴ ዳማ ላይ ቆርኪ ሊሰርቀኝ ሲያስብ አስቀድሞ ከወትሮው በላይ ደግ ይሆናል፣ ትራስ ያቀርብልኛል፣ ፀጉርሽ አምሮብሻል ይለኛል፤ ስለዚህ የምጠብቀው ክፋቱን ሳይሆን ከልማዱ የሚወጣበትን ጊዜ ነው፣ አለቻቸው። ባለሙያዎችዎ ሳቁ፤ ቀጠሯትም። ስለ ፍርዳቸው አመሰግናለሁ። ይሁን እንጂ የሥራ ልምዷ ሲጻፍ የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ብቻ ተጠቅሶ፣ ዓይኗ እንዲከፈት ከልጅነቷ ጀምሮ በትጋት ሲሰርቃት የኖረው ሽማግሌ የተዘለለበት ምክንያት አልገባኝም። ደመወዝ አልጠየቅሁም፤ ከወንበሯ አጠገብ አንዲት በርጩማ ብትፈቀድልኝ ይበቃኛል።

፪ኛ፣ አለቃዋን በሚመለከት። ይህ ሰው ምሳ ላይ ሳይጠራ ይመጣል። ሾርባው ሲቀርብ አለቃዬ እንዲህ አለ፣ ሾርባው ሲነሣ አለቃዬ እንዲያ አለ። ባለፈው አንድ ቀልድ ብቀልድ፣ አለቃዬም እንደ አንተ ቀልደኛ ነው አለችኝ። እንደ እኔ የሚባል ሰው መኖሩን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ልጄ «አባዬ፣ ቀናህ እንዴ?» ብትለኝ፣ ፊቴ የጠቆረው ሾርባው ጨው በዝቶበት ነው አልኳት። የሠራችው እሷ ስለነበረች እስከ ማታ አላናገረችኝም፤ ይህም በእርስዎ ሂሳብ ይያዝልኝ።

፫ኛ፣ የእኔን ካርድ በሚመለከት። በቅርቡ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጫማ ቤት አንድ ቆንጆ የሴት ጫማ ልገዛ የባንክዎን ካርድ ብሰጥ፣ ማሽኑ እምቢ አለ። ሻጯ ደግማ ሞከረች፤ ከኋላዬ የተሰለፈውም ሰው ቦርሳውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ወዲያውም ግብይቱ ከተለመደው ጠባይዎ ውጪ ስለሆነ ታግዷል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ መጣልኝ። እርግጥ ነው፣ በዚያ ካርድ ከአምፖል፣ ከባትሪና ከሳል መድኃኒት በቀር የገዛሁት ነገር የለም፤ ማሽንዎም ይህ ሽማግሌ የሴት እግር የት አይቶ ብሎ ፈርዶብኛል። ጫማው ግን ከላያችን ፎቅ ለምትኖር አንዲት ደመ ግቡ ባልቴት ነበር፤ ዳማ ትችላለች፣ ጨዋታ መሀል ስልክ አታነሣም። ሠራተኛዎ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ እንድታነበው ይደረግልኝ።

አቤት ልል ብደውልላት ሳቋ አላስወራት አለ። ካርድህን ያገደችው ሕግ የእኔ ናት አባባ፣ ካንተ ነው የተማርኳት፣ አለችኝ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ማረጃዋን ካራ። እንግዲያው ክፈቺልኝ ብላት፣ የዘመድ ካርድ መንካት ክልክል ነው ብላ ስልኩን ዘጋች፤ አለቃዋ እየጠራት ነበር።

ስለዚህ ካርዴ እንዲከፈትልኝ፣ ሠራተኛዎም በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት ስልኳን ቢሮ ትታ የጀመረችውን ጨዋታ እንድትጨርስ እንዲፈቀድላት በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ፈጣሪ ባንክዎን ከሌባ፣ እርስዎን ደግሞ የልጅ ልጅዎን ከሚቀጥር ባንክ ይጠብቅልኝ።

ጆሮው በር ላይ፣ ዓይኑ ቆርኪ ላይ የቀረው፣
የሠራተኛዎ የመጀመሪያው አጭበርባሪ

ማሳሰቢያ፦ ባልቴቷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ከላያችን ያለው የውኃ ታንከር ብቻ ነው። የጫማው ቁጥር የልጅ ልጄ እግር ልክ ነው፤ ያን ዕለት ከጨዋታው ስትነሣ የጫማዋ ተረከዝ በማስቲሽ የተጣበቀ መሆኑን አየሁ። ጥሩ ደመወዝ ከፍላችኋታል፣ ጫማ መግዣ ጊዜ ግን አልሰጣችኋትም። ሻጯ እስከ ቅዳሜ አቆይልዎታለሁ ብላኛለች። ማሽንዎን ግን አይቆጡት፤ አልተሳሳተም። ከወትሮዬ በላይ ደግ ሆኜ የነበረው እሷን ልሰርቃችሁ አስቤ ነው።