ግማሽ መስቀል

ጥር 9፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬም ኔትወርክ የለም። የጥልፍ ማሽኔ በየወሩ በኢንተርኔት የሠራውን ካምፓኒ ካላስፈቀደ አይሠራም፤ ወሩ ሞላና ትናንት ሥራ መሀል ቀጥ አለ። እኔው የሣልኩት የመስቀል ንድፍ እንኳ እዚያው ውስጥ ተቆልፎበታል። ነገ ደግሞ ከተራ ነው!

መምሬ ኃይሉ ካባቸውን ሊወስዱ መጡ። ጀርባው ላይ ያለው ግማሽ መስቀል ብቻ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ማሽኑ ተበላሸ?»

«ደህና ነው መምሬ። የሠሩት ሰዎች እስኪፈቅዱለት ነው።»

«መልሰሽ ሸጥሽላቸው እንዴ?»

ለነገ ጠዋት ቀጠርኳቸው።

አሁን የተጠለፈውን ግማሽ እያየሁ የቀረውን በእጄ እጠልፋለሁ። ጣቴን ሁለቴ ወጋሁት። በገዛ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የገዛ ንድፌን እንደ ሌባ እየሰረቅኩ ነው።