ከመታጠቢያው አጠገብ ያለው አልጋ

ውድ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካንቺ ቀድሞ ሆድሽ ውስጥ ላለው ረባሽ ይድረስልኝ። እንቅልፍ ይሰጥሻል? እግርሽስ ማበጡን ተወ? ስለ ትርፍ አንጀቴ ለጠየቅሽኝ፣ ወጥቷል፤ ቀዶ ጥገናው ቀላል ነበር። ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም ብለሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ፤ አብራኝ የምትሠራው ነርስ ናት የምትጽፍልኝ። ዶሮ የጫረው የሚመስለውን ጽሕፈቴን ከማንበብ ተገላገልሽ።

«እኔ እያለሁልሽ የትም አትወልጂም፣ የምትመጪው እኔ ጋ ነው» ብዬሽ ነበር። ዛሬ እዚህ እንዳትመጪ ልለምንሽ ነው። እዚያው ሰፈርሽ ካለው ጤና ጣቢያ ውለጂ። ከማኩረፍሽ በፊት ግን ስሚኝ።

በክፍላችን ጥግ፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ አንድ አልጋ አለ። እዚያ የተኛ ሰው ቁስሉ አልደርቅ ይለዋል። ትናንት ሲስቅ የዋለው ዛሬ ትኩሳት ይጀምረዋል። መድኃኒት ይቀየራል፤ ደግሞ ይቀየራል፤ ጀርሙ ግን ሁሉንም ለምዶታል፣ ምንም አይመስለው። አልጋውን «አማት» እያልን እንቀልድ ነበር። የማትስቀው የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ናት፤ ሥሩን ስትወለውል ጀርባዋን አትሰጠውም። አንድ ጡረተኛ መምህር እዚያ ተኝተው ሳለ፣ «ልጄ፣ ግድግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ጉሮሮውን ይጠርጋል» አሉኝ። ትራሳቸውን አስተካክዬላቸው ሄድኩ። ከዚያ አልጋ በእግራቸው አልወጡም።

ሁላችንም ተጠረጠርን። ከእጃችን ናሙና ተወሰደ፤ ምንም አልተገኘም። ኃላፊያችን ታጠቡ፣ አሁንም ታጠቡ አለችን። እጃችን እስኪሰነጣጠቅ ታጠብን፤ በታጠብን ቁጥር ባሰ። በመጨረሻ የላቦራቶሪው ሰውዬ ጥጥ የተጠመጠመበት ረጅም ዘንግ ወደ መታጠቢያው ቱቦ ሰደደ። ለካ ጀርሙ እዚያ ኖሯል! የተረፈ ግሉኮስ፣ የሻይ ትራፊ፣ በሽተኛ ያልጨረሰው ወተት፣ ሁሉንም እዚያ ነበር የምንደፋው። እኛው ስንቀልበው ኖረናል። ቧንቧውን በከፈትን ቁጥር ደግሞ ፍንጣቂው አልጋው ላይ ያርፋል። በመታጠባችን ነው የበተንነው፣ እህቴ።

አሁን መታጠቢያው ተነቅሏል፤ ቀዳዳው በሲሚንቶ ተደፍኗል፤ ጥጉም በመስታወት ተከልሎ ለብቻው ክፍል ሆኗል። ከዚያ ወዲህ አዲስ የታመመ የለም። ኃላፊያችን ደስ ብሏት ኬክ አስገዝታለች አሉ።

መምህሩ ግን እውነታቸውን ነበር። ግድግዳው ዛሬም ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስንት ዓመት እዚያ ቆሜ ስሠራ ሰምቼው አላውቅም። የሚሰማው ጭንቅላትን በዚያ አልጋ ትራስ ላይ ሲያሳርፉ ነው።

«ታዲያ ከጠፋ ለምን አልመጣም?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አንቺን የሚመልስ በር ገና አልተሠራም፤ ለዚያ ነው። መስታወቱ ፊት ቆመሽ እጅሽን ብቻ አወዛውዘሽልኝ የምትመለሺ ሰው አይደለሽም። ያንን ሆድሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። እንዳትገቢ። በልጅሽ ይሁንብሽ።

ጓደኛዬ ይህን የምትጽፈው በሩ ላይ ቆማ ነው፤ እኔ ጋ የገባ ወረቀት ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ሳሚው፣ እቀፊው፣ ትራስሽ ሥር አድርጊው፤ አልነካሁትም።

አምላክ በሰላም ያገላግልሽ። ልጁ ያንቺን ሳቅ ይውረስ፤ ጽሕፈቱ ብቻ እንደ እኔ እንዳይሆን። ስሙን የእኔን ምርጫ ሳትጠብቂ አንቺው አውጪለት።

ጓደኛዬ እዚህ ጋ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ያላልኩትን አንድ ቃል እንዳትጨምር አስምያታለሁ።

ታላቅ እህትሽ