ባዬ ወይስ አንተ

አዋሳ፣ የካቲት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ፣

እንደምን ከርመሃል? የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ? እኛ ከአባዬ ንዝንዝ በቀር ሁላችን ደህና ነን። «እርስዎ» ልልህ አስቤ ነበር፤ ግን ትከሻህ ላይ ተፈናጥጬ ጆሮህን እንደ ልጓም እየጎተትኩ ካደግሁ በኋላ ክብሩ አልመጣልኝ አለ።

የምጽፍልህ ስለ ትናንቱ ጉድ ነው። የክለባችን ሽማግሌዎች ዛሬም በየቅዳሜው አሞራ ገደል ዓሣ ሊበሉ ይሰበሰባሉ፤ እኔም ዓሣውን ብዬ አባዬን እከተላለሁ። አንተ ከፍጻሜው ጨዋታ ማግስት ሻንጣህን አንጠልጥለህ ከሄድክ ጀምሮ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክርክራቸው አንድ ነው፦ ከአስር ቁጥሮቻችን ማን ይበልጣል፣ ባዬ ወይስ አንተ? ጡረተኛው መምህር ጋሽ ደምሴ ላንተ ይቆማሉ። «ባዬ ኳስ ከማቀበሉ በፊት ማመልከቻ ያስገባ ነበር፤ እሱ ግን ቀና ሳይል ነው የሚያቀብለው» ይላሉ። አባዬ የገዛ ወንድሙን ስም ሳይጠራ፣ «ባዬ ይበልጣል፤ ለፍጻሜው ያሰለፍኩትም ለዚህ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። አሰልጣኝ አይሳሳትም፤ አባት ሲሆን ደግሞ ጭራሽ። ባዬ ራሱ ዝም ብሎ ይበላል። ሆዱን ብታየው ኳሷን የት እንደደበቃት ይገባሃል።

ትናንት ጋሽ ደምሴን ጉንፋን አስቀራቸው፤ ላንተ የሚከራከር ጠፋ። የባዬ የእህቱ ልጅ ጉልላት፣ ስትጫወት አይቶህ የማያውቀው፣ «እሱማ ፈሪ ነበር፤ ፍጻሜ ሲደርስ ተደበቀ» አለ። ሁሉም ሳቁ። አባዬ ግን ሳህኑን ወደ መሀል ገፍቶ ጠረጴዛውን ሜዳ አደረገው። ሎሚዎቹ ተከላካይ፣ የቆሮሶ ዓሣው ራስ አንተ፣ የሚያቃጥለው ዳጣ ሳህን ግብ። በግማሽ ፍጻሜው ሦስት ሎሚ መሀል ያሾለክሃትን ኳስ አንድ በአንድ አሳየ። «እንዲህ ያለ ልጅ ከዚያ ወዲህ አላሰለጠንኩም» አለ።

ጉልላት፣ «ታዲያ ለምን አስቀመጡት?» ቢለው፣ አባዬ የዓሣውን ራስ ወደ ሳህኑ መለሰ። ከዚያ፣ «በፍጻሜው ቀን ጠዋት የቤታችንን ደረጃ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሲወርድ አየሁት። ብጠይቀው ደህና ነኝ ነው የሚለኝ። ዘጠና ደቂቃ ቢሮጥበት ያ ጉልበት አይመለስም ነበር» አለ።

ባዬ ያን ጊዜ ማኘኩን አቆመ። «ይህን ለእሱ ነግረኸዋል?» ብሎ ጠየቀው።

አባዬ ሂሳብ ጠራ። በባጃጅ ስንመለስ አባዬ ዓይኑን እየጠረገ ዳጣው ነው አለኝ። ዳጣውን እኮ አልነካውም፤ ግብ ነበር።

የካቲት 25 እሑድ የድሮ ተጫዋቾች ግጥሚያ አለ። አባዬ አሰላለፉን ጽፎ ጨርሷል፤ አስር ቁጥር ላይ ግን ማንም የለም። ባዬስ ብለው፣ «ሆዱ ቀድሞት ኦፍሳይድ ይገባል» አለኝ። መጫወት ባትችል እንኳ ቆመህ ታቀብላለህ።

ፖስታው ላይ አድራሻህን ልጽፍ ስል የሳጥን ቁጥርህ ጠፋብኝና እማዬን ጮክ ብዬ ጠየቅኋት። የት እንዳለህ አላውቅም እያለ ዘጠኝ ዓመት የኖረው አባዬ፣ «ሦስት መቶ አርባ ሰባት» አለ።

ከጋዜጣው ቀና ሳይል።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ።

ጆሮህን የምትጎትተው
የወንድምህ ልጅ