ጢማሙ ከቡድንህ አይወጣም

ሶልዬ፣ የኔ ዓለም፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሙት ዓመትህን ሲልቨር ስፕሪንግ እህቴ ቤት ነው የምናስበው፤ የእኛ አፓርታማ ያን ሁሉ ሰው አይችልም። የዚህን የላንድማርክ አፓርታማችንን የኪራይ ውል አድሼዋለሁ፤ ሁሉም ውጪ ውጪ ቢለኝም እምቢ አልኩ። መኪናህን አሁን ማክዳ ናት የምትነዳው። ወንበሩን ወደፊት ስባ ስባ መሪው ላይ ልትለጥፈው ምንም አልቀራት፤ አባትሽ ወደሚቀመጥበት መልሺው ብያት ተጣላን።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለዚህ አይደለም። ቀንቼ ነው። በሞተ ባል ይቀናል ወይ ብትለኝ፣ እኔ እቀናለሁ።

ያቺ የሜልበርኗ ሕይወት ኮል አደረገችልኝ። አሜሪካ ከመምጣትህ በፊት አውስትራሊያ ስትኖር ጎረቤትህ የነበረችው፣ ኋላም በየዓመቱ ያንን የኳስ ጌም በስልክ የምታጫውታችሁ። በተሰጣችሁ የውሸት ብር የአውስትራሊያ ኳስ ተጫዋቾችን ትገዛላችሁ፤ ሰዎቹ ሜዳ ላይ ሲቀናቸው ለእናንተ ነጥብ ይመጣል። እና አዲሱ ውድድር ሊጀመር ስለሆነ የሶል ቡድን እንዳይቀር እኔ ልምረጥለት፣ ልቡን አውቀዋለሁ አለችኝ። ልቡን አውቀዋለሁ! እኔ ሚስትህ ቁጭ ብዬ። በትህትና ተሰናብቻት ስልኩን ዘጋሁና፣ የጾም ምስሬን በንዴት ስለቅም ዋልኩ።

ማክዳን ለምኜ የጌሙን አካውንትህን አስከፈትኩና ቡድኑን ራሴ ያዝኩት። ጌም እኮ ነው ማሚ ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ።

ውዶቹን ለመምረጥ አልተቸገርኩም፤ ጉብዝናቸውን ማንም ያውቀዋል። ርካሾቹም ጀማሪ ልጆች ናቸው፤ ቢወድቁ ብዙ አይጎዱም። ሰውን ጉድ የሚሠሩት ዋጋቸው መካከል ላይ ያሉት ናቸው፤ አንተ መሃል ሰፋሪ የምትላቸው። ወይ ታመው ከርመው የተመለሱ ናቸው፣ ወይ አንዱን ዓመት ታይተው ሌላውን የጠፉ። ከተነሱ ቡድኑን ይዘው ይነሳሉ፤ ካልተነሱ ያ ሁሉ ብር እነሱ ላይ ታስሮ ይቀራል። አንድ ቦታ ቀርቶኝ ሳስስ ማን ብቅ አለ መሰለህ፣ ያ ጢማሙ።

ትዝ ይልሃል፣ አንድ ዓመት ቡድንህን ልትመርጥ በረንዳ ላይ ሆነህ ከሕይወት ጋር ስታወራ እኔ ኪችን ነበርኩ። ጉልበቷ ድኖላታል፣ ሰው ሁሉ ፈርቷት ነው እንጂ ዘንድሮስ ሳልወስዳት አልቀርም ትላለህ። የትኛዋን ነው የሚወስዳት ብዬ ደሜ ፈላ። እራትህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ትንፍሽ ሳልልህ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ጨንቆህ ፎቶዋን ስታሳየኝ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ክንዱ የእኔን ወገብ የሚያክል ጎረምሳ ሆኖ ተገኘ። ወንዱን ስትወደው አንቺ እያልክ እንደምታቆላምጥ ረስቼው ነው። ስቀን ስቀን ሆዳችንን ያዝን። ከዚያ ደግሞ በእሱ ቀናሁ፤ እኔን አገላብጠህ አንተ ብለህ አቆላምጠኸኝ አታውቅማ።

ያኔ ወሰድከውና ወዲያው ጉልበቱ ደግሞ ከዳው። አሁን እንደገና ተመልሷል። ሕይወት ቡድኑን እኔ መያዜን ስትሰማ ምክር ላከችልኝ፤ ጢማሙን ተይው፣ ሶል አንዴ ያቃጠለውን ነገር አይደግምም አለች። ያንን ሜሴጅ ሳነብ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለኝ መሰለህ። አታውቅህም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬህ፣ ሽማግሌዎችህን ፎልስ ቸርች ከተማ እኛ ቤት ድረስ በከንቱ አመላልሼ፣ ያንኑ ሱፍ ለብሰህ ለሦስተኛ ጊዜ የመጣኸው አንተ አይደለህም እንዴ? አንዴ ያቃጠለውን የማይደግም ሰው እኔን ከየት ያገባል? ጢማሙን አስገባሁት።

እውነቱን ልንገርህ፣ ውድድሩ ከተጀመረ ወዲህ ጢማሙ ይህ ነው የሚባል ነገር አልሠራም። ቡድንህም ግርጌ ነው። ሕይወት ትናንት ደግሞ ጻፈችልኝ፤ ከከበደሽ ስጪኝ፣ እሱን አውጥቼ አስተካክለዋለሁ አለች። ኳስ በመጣ ቁጥር እንደምታስታውስህም ነገረችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ክፉ አለመሆኗ ነው። ቡድኑን አልሰጥም፣ ጢማሙም አይወጣም ብዬ መለስኩላት።

ኳስ ሲመጣ ታስታውስህ፣ አልከለክላትም። ኳሱ አልቆ ሁሉም ስልኩን ሲዘጋ፣ ምንም በሌለበት ተራ ማክሰኞ የማስታውስህ ግን እኔ ነኝ። ያንን ማክሰኞ ለማንም አላካፍልም።

ሚስትህ