ለሽጉጥ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰኞ፣ ሜይ 7፣ 2007

ሽጉጡ ቁም ሳጥኑ ላይ የለም። ሻንጣዎቹን አወረድኩ፣ የክረምት ጃኬቶቹን ኪስ ሁሉ ፈተሽኩ፣ የለም። መጨረሻ ላይ አልጋው ሥር፣ በጌታቸው በኩል፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ባሌ ቦታውን ለውጦታል። ለምን እንደለወጠ ልጠይቀው አልደፈርኩም። ካርቶኑን እንደነበረ መልሼ ሥራ ሄድኩ።

የገዛው በመጸው ነው፣ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ በታክሲው ያሳፈራቸው ሁለት ሰዎች አንገቱ ላይ ቢላ አድርገው ከዘረፉት በኋላ። በአንድ የምሳ ሰዓት ገዝቶት መጣ። እኔም «ደግ አደረግክ» ብዬዋለሁ። ይሄንን መጻፍ አለብኝ፣ በኋላ ንጹሕ ነኝ እንዳልል።

አሁን አይተኛም። አይበላም። «ሥራ ውዬ መጣሁ» ይለኛል፣ ግን ልጃችን ብሌን ከትምህርት ቤት ባስ ስትወርድ ታክሲውን ፓርኪንጉ ውስጥ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ተቀምጦ ታየዋለች። «ሂ ጀስት ሲትስ ዜር፣ ማሚ» አለችኝ፣ ዝም ብሎ እዚያ ይቀመጣል ማለቷ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው።

ሰው ይጎዳል ብዬ አይደለም የምፈራው። ጌታቸው በረሮ ሲገድል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። የምፈራው ለራሱ ነው። ትናንት ሳህን እያጠበ፣ ዞር ሳይል፣ «እኔ ባልኖር ይቀላችሁ ነበር» አለኝ። ውኃው እየፈሰሰ ስለነበር ያልሰማሁ መሰልኩ።

ማክሰኞ

የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የእረፍት ክፍል ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ሰሞኑን በሌላ ስቴት ስለሆነው ተኩስ ማውራቱን አላቆመም። አንዱ ፖለቲከኛ ሽጉጥ ይጥበቅ ይላል፣ ሌላው የአእምሮ ሕመምተኞች ይታከሙ ይላል። የሥራ ጓደኛዬ ማሪሶል ከመጀመሪያው ጋር ናት። ሌላዋ፣ ደቢ፣ ባሏም አባቷም አውሬ የሚያድኑት፣ ከሁለተኛው ጋር። ሲከራከሩ ሳንድዊቻቸው ደረቀ። «አንቺስ?» አሉኝ።

ምን ልበል? ሁለቱም እኔ ቤት አሉ፣ አንዱ አልጋው ሥር፣ ሌላው አልጋው ላይ። ፖለቲካ አላውቅም ብዬ ተነሳሁ። ውሸቴን ነው። በአገር ቤት ፖለቲካ ስከራከር ድምፄ እስከ ቻምበርስ ሮድ ይሰማል።

ከሥራ ስወጣ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ደወልኩ። ለአዲስ ታካሚ የመጀመሪያው ክፍት ቀን ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው አሉኝ። ሽጉጡ አንድ የምሳ ሰዓት፣ ሐኪሙ ሰባት ሳምንት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ነበር። ቀጠሮውን ያዝኩት፣ ለጌታቸው ግን አልነገርኩትም።

ረቡዕ

ሽማግሌ ልልክበት ወሰንኩ። እኔን አይሰማኝም፣ ሽማግሌ ግን አሳፍሮ አይመልስም።

ጋሽ በቀለ በሠርጋችን ቀን በአባቴ ፈንታ የቆሙልኝ ናቸው። ሐጂ ሰኢድ ደግሞ ቻምበርስ ላይ የባልትና ሱቅ አላቸው። ጌታቸው እንደመጣ ሥራ የሰጡት እሳቸው ናቸው፣ እንደ አባት ነው የሚያያቸው። ለጋሽ በቀለ ደወልኩ። «ምን ገጠማችሁ፣ ልጄ?» አሉኝ። ሽጉጥ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ገመና ነው። በሳምንቱ እዚህ ኦሮራ ከተማ ያለ አበሻ ሁሉ ጌታቸው አበደ ቢልስ? «ትንሽ አልተስማማንም» አልኳቸው።

ሐሙስ

መጡ። ተቀመጡ። የሠራሁትን በሉ። ከዚያ አስታረቁን!

ጌታቸው ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እነሱን ያያል። ያሉትን ሁሉ እሺ አለ። እኔም ምላሴን ቀነስ እንዳደርግ ተመከርኩ፣ ያውም በረዥሙ። ግንባሬን ሳመኝ፣ መረቁን፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሽጉጡ አልጋው ሥር ነው።

ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብቼ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ። ፈሪ ነኝ። በአፌ ጀግና፣ በቁም ነገሩ ፈሪ።

ዓርብ

ለደቢ ነገርኳት። ለምን እሷን እንደመረጥኩ አላውቅም፣ ምናልባት አበሻ ስላልሆነች። ክርክር ትጀምራለች ብዬ ስጠብቅ ዝም ብላ ሰማችኝ። ወንድሟ አንድ ጊዜ እንደዚህ ሆኖ ነበር አለች። አባቷ ጠመንጃዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ጎረቤት ቤት አስቀመጠበት። ጠመንጃ የመያዝ መብቱን አልነካንበትም፣ እስኪሻለው አስቀመጥንለት እንጂ፣ አለችኝ። «ሽጉጡን ዛሬ ነው ከቤት ማውጣት ያለብሽ፣ የሐኪሙን ቀን አትጠብቂ» አለች። ደግሞም ጠዋት ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ጋ እንድደውል መከረችኝ፣ ቀጠሮውን የሚሰርዝ ሰው ስለማይጠፋ የእሱን ቦታ ይሰጡሻል ብላ። ማሪሶልም ስትሰማ፣ በሁለት ሰዓት እኔ የማጥባቸውን አረጋውያን ገላ እሷ ልታጥብልኝ ቃል ገባች። በቴሌቪዥኑ ፊት ግን ዛሬም አልተስማሙም።

ለጋሽ በቀለ ደግሜ ደወልኩ። በዚህ ጊዜ ምንም አላስቀረሁም፣ የሳህን ማጠቢያውን ንግግር እንኳን። 

«ታዲያ ትናንት ያስታረቅነው ማንን ነው?» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። አልተቆጡኝም። ነገ እንመጣለን አሉ።

ቅዳሜ

ብሌንን ጎረቤት ላክኋት። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ መጡ። አልተቀመጡም። ሳሎኑ መሐል ጎን ለጎን ቆሙ። ጌታቸው ወንበር ሳበ፣ አልተቀመጡም። ያን ጊዜ ገባው። ሽማግሌ ቆሞ የሚለምነው ትልቅ ነገር ሲሆን ነው።

«ነገርሻቸው?» አለኝ።

አዎ አልኩት። 

«እብድ መሰልኳችሁ?» አላቸው፣ ዓይናቸውን ሳያይ።

ሐጂ ሰኢድ ናቸው የመለሱለት። «እብድ ብትመስለን ፖሊስ እንጠራ ነበር። ሽማግሌ የሚላከው ለሚሰማ ሰው ነው። ታምመሃል፣ ልጃችን ነህ። እሱን ነገር ስጠን፣ ሐኪም ጋም ሂድ።»

ጌታቸው ሊደራደር ሞከረ። ሽጉጡን ልስጣችሁ፣ ሐኪሙን ተዉልኝ አለ። ጋሽ በቀለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለቱንም እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉ።

ጋሽ በቀለ ጉልበታቸው ታማሚ ነው፣ ደረጃ የሚወጡት በመከራ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ። ቀኝ እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሱሪያቸው ላይ ይታያል። ሐጂ በክንዳቸው ደገፏቸው።  ጌታቸው ያንን ጉልበት እያየ፣ እያየ፣ «እሺ፣ ይቀመጡ በቃ፣ ሁለቱንም እሺ» አለ። እዚያው ቆሞ አለቀሰ። ካገባሁት ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ሄጄ አቀፍኩት።

ካርቶኑን ራሱ አመጣው። ሐጂ ጥይቱን ለብቻ ለዩት። ሱቃቸው ካዝና ውስጥ ሊያስቀምጡት ይዘውት ሄዱ። መቼ ነው የምትመልሱልኝ ብሎ ጠየቃቸው። «ስትስቅ እናያለን» አሉት። አልሳቀም።

ሰኞ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። የሰረዘ የለም። ጌታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወለሉን ያያል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 15

አንድ ሰው ሰርዟል! ለዛሬ ጠዋት አምስት ሰዓት ነው አሉኝ። ማንም ይሁን፣ እግዜር ይስጠው። ማሪሶል የሥራ ተራዬን ሸፈነችልኝ። ጌታቸው መኪናው ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመለሺ አለኝ፣ ሁለት ጊዜም «የጋሽ በቀለን ጉልበት አስብ» አልኩት።

አንድ ሰዓት ሙሉ ውጭ ጠበቅኩት። የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ወጣ። ስንመለስም እኔ ነበርኩ የምነዳው። ፒዮሪያ ላይ መብራት ሲይዘን ነው ድንገት የተናገረው።

«ሐኪሙ ስለ ቢላው ጠየቀኝ» አለ። «እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

እውነቱን ነው። ያን ቀን እንኳን ተረፍክ አልኩት፣ ታክሲው ተጎዳ ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ ምግብ አቀረብኩለት። የኛ ሰው ሁሉ መጥቶ እንኳን እግዚአብሔር አወጣህ ብሎት ሄደ። እንዴት ነበር ያለው የለም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ክላክስ ተደረገብኝ። «ንገረኝ» አልኩት። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ» አለ።

እንደገባን ጋደም አለ። አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ብሌን ገና አልመጣችም። ሐኪሙ መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል ብሏል፣ ስለዚህ ገና አላመንኩም። ይሄንን የምጽፈው ኮሪደሩ ላይ፣ መኝታ ቤቱ በር ሥር ተቀምጬ ነው። ጌታቸው ያንኮራፋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በክርን ስጎስመው የኖርኩትን ማንኮራፋት፣ እንዳይቋረጥብኝ ብዬ እስክሪብቶዬን እንኳን በቀስታ ነው የማንቀሳቅሰው።